ጉራች ያልኩት ዓሣ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከብት የሚለይ ሰው ሲፈለግ የኔ ስም ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ልመካ ብል ግን የሚከለክለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሬ ጠፍቶ ሰው እጅ ሲገኝ፣ ሁለት ገበሬዎች አንዱን በሬ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲሉ፣ ሽማግሌዎች እኔን ያስጠሩኝ ነበር። ወገዳ ገበያ መሐል በሬውን አቁመው ሰው ሲከበው፣ ዱላዬን ይዤ አንድ ጊዜ ብቻ እዞረዋለሁ። መጀመሪያ መልኩን እጠራለሁ፦ ቦራ፣ ቡሬ፣ ወይኖ፣ ዳለቻ፣ ጉራች። መልኩ ካከራከረ ጆሮውን ገልጬ ባለቤቱ በጥጃነቱ የበጣውን ምልክት አያለሁ። ጆሮውም ካከራከረ ገመዱን ፈትቼ እለቀዋለሁ፤ በሬ ቤቱን ያውቃል። እዚያ ድረስ የሄድኩት ግን ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ መልኩን አይቼ እጨርሰዋለሁ።

የተረታው ሰው የበሬውን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ለባለቤቱ ያስረክባል። «ዓይኔ በድሎሃል» ይላል። ይህን ቃል ስንት ሰው እንዳስባልኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። እኔ ግን ብዬው አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ንባብን፣ ሰዓት መጠገንን፣ ራዲዮ መፍታትን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ከተማችን ንፋስ መውጫ ውስጥ ዛሬም የሚናገር አሮጌ ራዲዮ ካለ፣ ሆዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዕውቀቴ ሁሉ ግን አንዱን አብልጬ አምነው ነበር፦ የእንስሳ መልክ አይለወጥም። ይህ እምነቴ ልጄን ሊያሳጣኝ ጥቂት ቀረው።

ልጄ ጅቡቲ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። በወልድያ፣ በጋሸና በኩል በመጣ የጭነት መኪና ነው የደረሰችው። የልብስ ሻንጣ ስጠብቅ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ የተኛ ሰው የሚያክል የመስታወት ሣጥን አወረደች። ጨው የሞላ ጆንያ፣ የባሕር ድንጋይ በባሕር ውሃ የተነከረበት ባልዲ፣ በአየር የተነፋ ላስቲክም አወረደች። ላስቲኩ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ነበሩ። አሠሪዎቿ አገር ሲለቁ የሰጧት ነው።

«አባዬ፣ ባሕር አመጣሁልዎ» አለችኝ።

«ራስሽን ብታመጪ ይበቃኝ ነበር።»

«እሱማ ይታያል። ይሄ ባሕር እዚህ ብርድ ላይ ከኖረ እኔም እኖራለሁ። ካልኖረ ግን ወደመጣሁበት ነኝ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰዓቶቼ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጄን ተቀመጪ ብዬ መለመን አላውቅበትም። ውሃ ማኖር ግን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ያላወቅሁትን ነገር የማወቅ ልማድ አለኝ።

ክረምቱን ከቆርቆሮው የወረደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቀምኩ። የጨዉን ልክ ለማወቅ ከእስክሪብቶ ቀፎ መለኪያ ሠራሁ፤ እንዲከብድ ጫፉ ውስጥ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ጨምሬ፣ በሰም ደፍኜ፣ ልጄ በባልዲው ባመጣችው የባሕር ውሃ ላይ አንሳፈፍኩት። የቆመበትን ቦታ ጭሬ ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ በኋላ የዝናቡን ውሃ ጨው እየጨመርኩ ቀፎው እዚያው ጭረት ላይ እስኪቆም አማሰልኩት። ልጄ አይታ «ይሄንን ማን አሳየዎት?» አለች። ማን ያሳየኛል? ጨዉ ሲያልቅ ልጄን ያመጣት የጭነት መኪና ሾፌር ከጅቡቲ ያመጣልን ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑን በጋቢዬ እጠቀልልና ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውስጡ እናንሳፍፋለን። እኔ ነጠላ ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ ባሕሩ ጋቢዬን ለብሶ የዋለበት ቀን ብዙ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ውሃው ግድግዳው ላይ ይወጣል። ብርሃኑ በጭቃው ምርግ ላይ ይዋልላል፣ ጣራው ማገር ላይ ይጥመለመላል፣ ደረቴ ላይ ያርፋል። ወንበሬ ላይ ሆኜ እያየሁት ዓይኔ ክድን ይላል። ያን ጊዜ የማርሰው የአባቴን መሬት ነው፤ መሬቱ ግን ከውሃ በታች ነው። ሞፈሩ ድምፅ የለውም። ትልሙ ሲገለበጥ አፈሩ እንደ ጭስ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በበሬዎቹ ቀንድ መሐል ዓሦች ያልፋሉ። በሬዎቹን በስማቸው ስጠራ ከአፌ አረፋ ብቻ ይወጣል፤ እነሱ ግን ይሰሙኛል። ስነቃ ልጄ ለዓሦቹ ጎመን ስትቀቅል እሰማለሁ። ሕልሙና ቤቱ የቱ ጋ እንደሚለያዩ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ይፈጅብኛል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ያልቆጠርነው ዓሣ ከድንጋዩ ቀዳዳ ወጣ። አውራ ጣት የሚያክል ነው። ተደብቆ ከጅቡቲ ጋይንት ድረስ መጥቷል። መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ክቦች አንዱ በአንዱ ውስጥ ይዞራሉ፤ ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ዙሩን እንደምታጠብቀው። ልጄ አታውቀውም። ሁለቱን ቀደም ብዬ ሰይሜያቸው ነበር፤ ብርቱካናማው ግንባሩ አጠገብ ነጭ መቀነት ስላለው ቦራ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ቡሬ። ይህን አዲሱን ግን ቀርቤ ሳላየው አልሰይምም አልኩና በሻይ ማጥለያ አወጣሁት።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ተማርኩ። ይህ ዓሣ በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ ወደ ኋላ የተወረወረ እሾህ አለው። የግራው እሾህ ማጥለያው ወንፊት ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ዓሣው እጄ ላይ ይንፈራገጣል፤ ልጄ «አባዬ ሞተ፣ ሞተ!» ትላለች። የሰዓት ወረንጦዬንና መቁረጫዬን አንስቼ የወንፊቱን ሽቦና የእሾሁን ጫፍ አንድ ላይ ቀነጠብኩት። ውሃ ውስጥ ስመልሰው ድንጋዩ ሥር ገብቶ ሁለት ቀን አልወጣም። እጄ ሳይንቀጠቀጥ የሠራሁት ሥራ ነው። ማጥለያው ግን ተበሳ፤ ሻይ ቅጠል እያሳለፈ እስከ ዛሬ አለ።

ስሙን ለማግኘት ከዚሁ ከጋይንት ቤተ ልሔም አካባቢ የመጡትን ወዳጄን መሪጌታ አስጠራሁ። ወንበር ስበው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ብዙ አዩት።

«በዕለተ ሐሙስ ከባሕር የተፈጠሩት በእግር የሚሽከረከሩ፣ በልብ የሚሳቡ፣ በክንፍ የሚበሩ ናቸው» አሉ።

«ይሄ ከየትኞቹ ነው?»

«በልብ ከሚሳቡት።»

«ስሙስ መሪጌታ?»

«ስም ያወጣው አዳም ነው። እኔ ያኔ አልነበርኩም። አንተ ግን ሁሉን አውቃለሁ ስለምትል እዚያው አካባቢ ሳትኖር አትቀርም።»

ሳቁብኝ። እኔም እንደ ጥቁር ከብት መልኩን ጠርቼ ጉራች አልኩት፤ ጸደቀ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች፣ ገበያ የመጡ የስማዳ ሰዎች፣ ከመስጊዱ በኩል ያሉ ጨርቅ ነጋዴዎች ባሕር ሊያዩ ይመጣሉ። በዱላዬ ጫፍ እያመለከትኩ አስተምራቸዋለሁ፦ ይህ ቦራ ነው፣ ይህ ቡሬ ነው፣ ያ ጥቁሩ ጉራች ነው፤ መስታወቱን በቀለበቴ ሁለቴ ስመታ ወደዚህ ጥግ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው። መታ ሳደርግ ይመጣል። ሰዎቹም «አዎ አባባ፣ አዎ» ይላሉ።

አሁን ያላልኩትን ልናገር። በሁለተኛው ዓመት ዓይኔን ሞራ እየሸፈነው ነበር። መጀመሪያ ጭጋግ ነው፤ እኔም በቤት ውስጥ ጭስ አለ እያልኩ ልጄን ስወቅስ ከረምኩ። ቀጥሎ ሁሉም ነገር በወተት የታጠበ መሰለ። ዓሦቹ ለኔ ጥላዎች ሆኑ፤ የሚንሳፈፉ፣ የሚጠፉ፣ እንደገና የሚመጡ። አልዋሽም፣ ውበት ነበረው። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከብት ለዪው ታውሯል ሲባል መስማት አልፈለግሁም። ያለፈውን በማስታወስ በዱላዬ አመለክታለሁ፤ ጥቁሩን እዩ እላለሁ፤ ሰዎቹም አዎ አባባ ይላሉ። በኛ አገር ሽማግሌ ሲናገር ማን ያርማል?

ልጄ ብቻ አንድ ቀን ሞከረች።

«አባዬ፣ ጉራች መልኩ እየተለወጠ ነው። ቢጫ መስመር እያወጣ ነው።»

«መልክ አይለወጥም።»

«ስልኬ ላይ ፎቶውን አገኘሁት እኮ። ይመልከቱ፤ ሲያድግ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ስልኩን ፊቴ ላይ ያዘችው። ያየሁት የሚያበራ ነጭ ነገር ብቻ ነው። «አየሁት» አልኳት። «ሌላ ዓሣ ነው። እኔን ከብት ልታስተምሪኝ ነው?» ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰች። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም።

በመጨረሻ ግን በራፌ ላይ የቆሙትን መሪጌታን ጎረቤቴ መስለውኝ ስለ አጥር ስጨቀጭቃቸው ጊዜ፣ ነገሩ ወጣ። እጄን ይዘው ደብረ ታቦር ወሰዱኝ። ልጄ ከባሕሩ ጋር ቀረች። አንድ ሳምንት ቆየን፤ ሞራው ተገፈፈ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የመሪጌታን ጢም ነው። ያን ያህል መሸበቱን አላውቅም ነበር።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። ውሃው እንዲህ ጥርት ያለ መሆኑን ረስቼው ኖሯል። ቦራ አለ፣ ቡሬ አለ። በመሐላቸው መዳፍ የሚያክል፣ በሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር የተጋደመበት፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭንብል ያሠረ፣ አይቼው የማላውቅ ዓሣ ይንጎማለላል።

«ጉራች የት ሄደ?» አልኩ።

«ይኸው ፊትዎ» አለች ልጄ። ደስ ብሏት ነበር፤ ስቃ ሳትጨርስ ነው ያቋረጥኳት።

«ይሄ ጉራች ነው? ይሄ ቢጫ ነው።»

«እሱ ነው አባዬ። ነግሬዎት ነበር፣ ተለወጠ።»

«ጨው የሚያመጣልሽ ሾፌር መቼ መጣ?»

«ማክሰኞ። እርስዎ ደብረ ታቦር ሳሉ።»

«ምን አመጣ?»

«ጨው።»

«ጨው ብቻ?»

መልሷን አልጠበቅሁም። እኔም ገበያ መሐል እንደቆምኩ ሁሉ ዱላዬን መሬት ላይ መትቼ ፈረድኩ። «ሞቶብሻል። ዕውር ምን ያያል ብለሽ ሌላ ተካሽበት።»

እጇ ላይ የነበረውን የጎመን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ወርቃቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ይወጡ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ሌባ ያለኝ የለም። የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።»

በማግስቱ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ እኅቴ ዘንድ ሄደች። በሰኞው ወደ ባሕር ዳር ወርዳ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ እንደምትመለስ ለመሪጌታ ነግራቸው ኖሯል። ስደውልላት አታነሳም። እኔም ለራሴ፣ እውነቱን ስለነገርኳት ነው እያልኩ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ገባች። ብርሃኑ እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ማገሩን ነካ፣ ደረቴ ላይ አረፈ። ቤቱ ውስጥ ከሰዓቶቼ ሌላ ድምፅ የለም። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ያ በውሃ ውስጥ የማርሰው እርሻ መጣ፤ ዛሬ ግን ከሞፈሩ ፊት የሚሄደው ቢጫው ዓሣ ነው። ፊቱን ወደኔ መለሰ። በሕልሜ እንኳ ጆሮውን ልገልጥ እጄን ሰደድኩ፤ ዓሣ ጆሮ የለውም። ነቃሁ። መልኩ ሲያከራክር ጆሮውን እንዲያዩ ለስንቱ የነገርኩ ሰው፣ ራሴ መልኩን ብቻ አይቼ ፈርጄ ነበር።

ተነስቼ የሰዓት ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁና ከመስታወቱ ተጠጋሁ። ቢጫው ዓሣ ቀኝ ጎኑን አሳየኝ፤ የጉንጩ እሾህ ረጅም፣ ሹል፣ ሰማያዊ ነው። ጠበቅሁት። በድንጋዩ ዞረ፤ በቡሬ ሥር አለፈ፤ ግራ ጎኑን ሰጠኝ። የግራው እሾህ ጫፍ የለውም። በመቁረጫዬ እንደቀነጠብኩት ድፍን ብሎ ቀርቷል። ጅራቱ አጠገብም፣ ቢጫው ገና ሳይደርስበት፣ ከነዚያ ነጫጭ ክቦች አንዱ ግማሹ ቀርቶ ይታያል።

ይህ ሳይበቃኝ ቀርቶ እንደ በሬው ገመዱን ለቀቅሁት። መስታወቱን በቀለበቴ ሁለቴ መታሁ። መጣ። በዚያው ጥግ፣ በዚያው ቁመት ቆሞ አየኝ።

ብዙ በሬ ለይቼ፣ ለብዙ ሰው እውነቱን ሰጥቻለሁ። ያን ዕለት የተሰማኝ ነገር ግን ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ አያውቅም። ዕውቀቴ ልክ ነበር፤ አልተጠቀምኩበትም እንጂ። ይህም ቢሆን ለልጄ ምንም አይጠቅማትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን «አንድ ቦታ ሽማግሌ ሆነው ይከተሉኝ» አልኳቸው።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

ቆም ብለው አዩኝ። «ለገዛ ልጅህ? ቃሉን እንኳ አላጠናሁት» አሉ። ግን መጡ።

በሚኒባስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ደግሞ እስቴ ደረስን። እኅቴ በሩን ከፍታ መሪጌታን ስታይ ደነገጠች።

«ወንድምዓለም፣ በደህና ነው? ሰው ሞተ?»

«ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ነው።»

ነገሩን መሪጌታ ሲያስረዷት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «ለልጁ ሽማግሌ የሚልክ አባት ዛሬ አየሁ! ግቡ፣ ግቡ፤ ሻንጣዋን እያሠረች ነው።»

ልጄ ከጓዳ ወጣች። የመሪጌታን ጉልበት ስማ፣ ለኔ ራሷን ብቻ ዝቅ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኔ ግን ቀደምኳቸው። ከኪሴ የተበሳውን የሻይ ማጥለያ አወጣሁ። ዓሣ ገመድ የለውም፤ ያገኘሁት እሱን ነው። በሁለት እጄ ይዤ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ስንቱን ሰው ያስባልኩትን ቃል እኔ አልኩት።

«ዓይኔ በድሎሻል።»

ድምፄ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ነበር። ማጥለያውን ተቀብላ በቀዳዳው ወደ መስኮቱ ብርሃን አየች።

«እሾሁን አዩት?» አለችኝ።

«የግራውን። በማጉያ።»

«እኔ መጀመሪያም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

«አልጠየቅሁሽም።»

«አልጠየቁኝም» አለች። ማጥለያውን አልመለሰችልኝም። መሪጌታ ምርቃት ሊጀምሩ እጃቸውን ሲያነሱ እሷ ድንገት ቀና አለች።

«ዛሬ ማን እያበላቸው ነው?»

«ጎረቤታችን። ጎመን ሰጥቻት ነው የመጣሁት።»

«ቀቅላ ነው ወይስ ጥሬውን?»

«ቀቅይው አላልኳትም።»

«አባዬ! ጥሬውን አይበላም እኮ! ውሃውንም ያበላሽበታል!»

መሪጌታ እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። እኅቴ «ቢያንስ እህል ቅመሱ» ስትል ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ደጅ ነበረች። ሰኞ የባሕር ዳሩ መኪና ያለ እሷ ሄደ።

በመንገዱ ላይ ስልኳን እንደገና ፊቴ ላይ ያዘችው። ያን ቀን ያላየሁትን ሁለት ፎቶ አየሁ፤ አንዱ የሰፌድ ክብ ያለው ጥቁሩ፣ አንዱ ቢጫው። በፈረንጆቹ ስሙ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው አለችኝ። በልጅነቱ ጥቁር ለብሶ ይደበቃል፤ ሲያድግ የንግሥ ልብሱን ያወጣል። «ንጉሡን በበሬ ስም ሁለት ዓመት ጠሩት» ብላ መሪጌታ ትከሻ ላይ ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ነግሦ ሳለ አላየሁትም።

ስሙን ግን አልቀየርኩም። ዛሬም ባሕር ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አሉ። በዱላዬ ቢጫውን አመልክቼ «ይህ ጉራች ነው» እላለሁ። በሙያዬ እንደ እኔ የሠለጠነ ሰው የለምና፣ አሁንም «አዎ አባባ» ይሉኛል። ያን ጊዜ ልጄ ጎመኗን እየቀቀለች ከጓዳ ትጣራለች።

«አዎ አትበሏቸው፤ ለምን ጉራች አሉት በሏቸው!»

እኔም ዱላዬን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ድረስ።